ሰቆጣ ስንት ሰዓት ይርቃል?

ስለ ርቀት ስንማር በእጃችን የሚሰጠን መሣሪያ ማስመሪያ ነው። ሁለት ቦታዎችን በቀጥታ መስመር እናገናኛለን፤ በካርታው ስኬል እናሰላለን፤ ያገኘነውንም ቁጥር «ርቀት» እንለዋለን። በእኔ እምነት ይህ ቁጥር ብቻውን ሲቆም ያሳስታል፤ ስሕተቱም የሰው ሕይወት ሊያስከፍል ይችላል።

ለአብነት ያህል የአየር ጉዞን እንመልከት። አዲስ አበባና ላሊበላ በቀጥታ መስመር 335 ኪሎ ሜትር ገደማ ይራራቃሉ። በሰዓት 650 ኪሎ ሜትር ለሚበር አውሮፕላን ስሌቱ 31 ደቂቃ ይሰጠናል። ጉዞው ግን አንድ ሰዓት ያህል ይፈጃል፤ መንደርደሩ፣ ከፍታ መያዙና ፍጥነት ቀንሶ መውረዱ የየራሳቸውን ጊዜ ይወስዳሉና።

ነፋስም ድርሻ አለው። በቤይጂንግና በቶኪዮ መካከል 2,100 ኪሎ ሜትር ያህል ርቀት አለ። በዚያ ሰማይ ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ የሚነፍሰው የነፋስ ጅረት በተለይ በታኅሣሥና በጥር ይበረታል። የአውሮፕላኑ ፍጥነት በአየር ውስጥ 800፣ የነፋሱ ደግሞ 150 ኪሎ ሜትር በሰዓት ነው እንበል። ወደ ቶኪዮ 2 ሰዓት ከ13 ደቂቃ፣ ወደ ቤይጂንግ 3 ሰዓት ከ14 ደቂቃ ይሆናል። ርቀቱ አንድ ሆኖ ሳለ ጊዜው ሁለት ነው።

በዋግ ኽምራ የነፋሱን ቦታ የሚይዘው የመሬት ስበት ነው። ሰቆጣ ከአዲስ አበባ በቀጥታ መስመር 400 ኪሎ ሜትር ያህል ብትርቅም፣ የመኪናው መንገድ 700 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በተከዜና በገባሮቹ ሸለቆዎች ግራና ቀኝ ለሚኖር እግረኛ ደግሞ ልዩነቱ ይብሳል። በቀጥታ መስመር 3 ኪሎ ሜትር የሚራራቁ፣ መካከላቸው 600 ሜትር ጥልቀት ያለው ሸለቆ የሚገኝ ሁለት መንደሮችን እናስብ። ጠመዝማዛው የእግር መንገድ 8 ኪሎ ሜትር ይሁን። ስኮትላንዳዊው ተራራ ወጪ ዊልያም ናይስሚት በ1892 እ.ኤ.አ. ባቀረበው ደንብ መሠረት፣ ለ5 ኪሎ ሜትር ጉዞ 1 ሰዓት፣ ለ600 ሜትር ዳገት ደግሞ ተጨማሪ 1 ሰዓት ይታሰባል። ድምሩ 2 ሰዓት ከ36 ደቂቃ ነው፤ ያውም ሸክም ለሌለው ጤነኛ ሰው።

ጤና ጣቢያው ከሁለቱ መንደሮች በአንደኛው ነው እንበል። ጤና ጣቢያውን ማዕከል አድርጎ በካርታ ላይ የ5 ኪሎ ሜትር ክብ የሚስል ዕቅድ አውጪ፣ ከሸለቆው ማዶ ያለችውን መንደር «አገልግሎት ያገኘች» ብሎ ይቆጥራታል። ምጥ የያዛትን እናት በቃሬዛ ተሸክመው ዳገቱን ለሚወጡ ጎረቤቶች ግን ያ ክብ ትርጉም የለውም። ወንዙ ሲሞላማ መንገዱ ጭራሽ ሊቋረጥ ይችላል።

ጊዜ እንደ ተጓዡና እንደ ወቅቱ ስለሚለያይ ቋሚ መለኪያ አይሆንም የሚሉ ይኖራሉ። እውነት ነው፤ ነገር ግን ፊዚክስ የሚለዋወጥን ነገር ከመለካት አይሸሽም፤ የተለካበትን ሁኔታ አብሮ ይገልጻል እንጂ። ማን፣ በየትኛው ወር፣ ምን ተሸክሞ እንደተጓዘ ከተጻፈ ሰዓቱ የታመነ ልኬት ነው። የአገራችን ገበሬ «የግማሽ ቀን መንገድ» ሲል ዳገቱንም ቁልቁለቱንም አስልቶ ነውና አነጋገሩን እንደ ኋላ ቀርነት ልናይበት አይገባም።

ስለዚህ ውድ ተማሪዎች፣ ለዕረፍት ወደየቀያችሁ ስትመለሱ እስከ ቅርቡ ጤና ጣቢያ ያለውን መንገድ በእግራችሁ ሄዳችሁ በሰዓት ለኩት፤ ወሩንና የመንገዱንም ሁኔታ መዝግቡ። ከዚያም ከካርታው ቁጥር ጎን ጻፉት። ጤና ጣቢያ የት ይሠራ የሚለው ውሳኔ ሁለቱንም ቁጥሮች ይሻል።