ያልተቈጠረ ወጪ በማን ላይ ይወድቃል?

ሰው ለደስታው የሚያወጣውን ገንዘብ መቍጠር አይወድም። ለቤት ኪራይና ለሕክምና የሚወጣውን እስከ ሳንቲሙ ያስባል፤ ለደስታ የሚወጣውን ግን «ዕድሜ አጭር ነው፤ ገንዘብ ይመጣል» እያለ ዓይኑን ጨፍኖ ይበትነዋል። «አስቀድመህ ቍጠር» ብሎ የሚመክረውንም ሰው ሥሥታም ይለዋል። እኔ ይህን አነጋገር እቃወማለሁ። የምቃወመውም ከሰው ሰምቼ አይደለም፤ እኔው ራሴ እንደዚህ አድርጌ ስላፈርሁ ነው።

የምኖረው በአሜሪካ፥ በዋሽንግተን ከተማ አጠገብ ነው። እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ2024፥ በነሐሴ ወር፥ ከባለቤቴ ጋራ ለሳፋሪ ወደ ታንዛኒያ ሄድን። ሳፋሪ በስዋሂሊ ቋንቋ ጕዞ ማለት ነው፤ ዛሬ ግን በዓለም ሁሉ የዱር አራዊትን በመኪና እየዞሩ ለማየት የሚደረግ ጕዞ ስም ሆኗል። ከመሄዳችን በፊት አንድ ማታ ወረቀት ዘርግተን በጀት ሠራን። የአውሮፕላን ትኬት ለሁለታችን 3,000 ዶላር፥ የስድስት ቀን የጕብኝት ውል 3,600 ዶላር፥ የአሜሪካ ፓስፖርት የያዘ ሰው የሚከፍለው ቪዛ ለእያንዳንዳችን 100 ዶላር፤ ድምሩ 6,800 ዶላር ሆነ። ያጠራቀምነው 5,000 ነበረ። የጐደለውን 1,800 በክሬዲት ካርድ ልንሞላው ተስማማንና «በጀታችን አለቀ» ብለን ደስ ብሎን ተኛን።

በውሉ የመጨረሻ መስመር ላይ «የፓርክ መግቢያ ዋጋ አይጨምርም» የሚል ተጽፎ ነበር። አንብበነዋል፤ ነገር ግን የመግቢያ ዋጋ ሲባል የመሰለን የሲኒማ ቤት ቲኬት ያህል ነው። ከአሩሻ ተነሥቶ ወደ ሰሬንጌቲ የሚወስደው የተለመደው መንገድ በንጎሮንጎሮ ጥብቅ ክልል ውስጥ ያልፋል፤ ለማለፍ ብቻም ቢሆን ይከፈላል። በዚያ ወቅት ከውጭ አገር ለመጣ አዋቂ ሰው የንጎሮንጎሮ ዋጋ 60፥ የሰሬንጌቲ ዋጋ 70 ዶላር ነበረ፤ በሁለቱም ላይ 18 በመቶ ግብር ይታከልበታል። የሰሬንጌቲው ክፍያ የሚያገለግለው ለ24 ሰዓት ነው። በጥንት እሳተ ገሞራ ወደ ተፈጠረው ወደ ንጎሮንጎሮ ጐድጓዳ የሚወርድ መኪናም ከነግብሩ 295 ዶላር ለብቻው ይከፍል ነበር። እኛ ሦስት ቀን በሰሬንጌቲ ቈየን፤ በንጎሮንጎሮ ሁለት ጊዜ ከፈልን፤ ወደ ጐድጓዳውም አንድ ጊዜ ወረድን። ሁሉ ሲደመር 1,073 ዶላር ከ80 ሳንቲም ሆነ። ይህንንም ካርዱ ከፈለው።

ይህ ገንዘብ ስለ ተጠየቀ አላማርርም። አራዊቱን ከአዳኝ የሚጠብቅ ዘበኛ ደመወዝ ያስፈልገዋል። ዋጋውም ቢሆን የተሰወረ አልነበረም፤ ለጠየቀ ሁሉ የተገለጠ ነው። ጥፋቱ ያልጠየቅነው የእኛ ነው።

ሹፌራችን መሪያችንም ነበረ። ጎሕ ሳይቀድ ይነሣል፤ እኛ ከተኛን በኋላ መኪናውን ያጥባል። በግራር ቅርንጫፍ ላይ የተጋደመውን ነብር እኛ ጥላ ሲመስለን እርሱ ከሩቅ ለይቶ ያሳየናል። አንድ ቀን ጎማ ፈንድቶብን ጭቃ ላይ ተንበርክኮ ሲቀይር እኛ ከመኪናው አጠገብ ቆመን ፎቶግራፍ አነሣነው። በመንገድም ስለ ሦስቱ ልጆቹ የትምህርት ቤት ክፍያ አጫውቶናል። ከውሉ ጋራ የተላከልን ወረቀት ለመሪው ከእያንዳንዱ መንገደኛ በቀን 20 ዶላር ጉርሻ እንዲሰጥ ይመክር ነበር፤ ይኸውም ለሁለታችን ለስድስት ቀን 240 ዶላር ነው። በመጨረሻው ቀን ቦርሳችንን ብንፈትሽ የቀረን 40 ዶላር ነበረ። እርሱንም ሰጠነው። በሁለት እጁ ተቀብሎ «አሳንቴ ሳና» አለን፤ እጅግ አመሰግናለሁ ማለት ነው። በዚያው ቀን ጧት እኔ ከመንገድ ዳር ሱቅ ከእንጨት የተቀረጸ አንበሳ በ60 ዶላር ገዝቼ ነበር። አንበሳው ዛሬም በእንግዳ መቀበያ ክፍሌ ቆሞ ያየኛል።

ሁለተኛው ጥፋቴ ከዚህ ይብሳል። በመሄጃችንም በመመለሻችንም ያለፍነው በአዲስ አበባ በኩል ነው፤ ስንመለስ በቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ ሰባት ሰዓት ተቀምጠናል። እናቴ የምትኖረው ከዚያ በመኪና የግማሽ ሰዓት መንገድ ላይ ነው። መምጣታችንን አልነገርኋትም። ከውጭ አገር የመጣ ልጅ ባዶ እጁን በእናቱ ደጅ መቆም ያፍራል፤ ለእርሷ የሚሆን አንዲት ነገር ደግሞ በዚያች ወረቀት ላይ አልተጻፈችም ነበር። ከአንድ ወር በኋላ የጎረቤት ልጅ ፎቶግራፋችንን በስልክ አሳይቷት ደወለችልኝ። «ልጄ፥ አንበሳው እንዲያ ሲቀርባችሁ አልፈራህም?» አለችኝ። በየት በኩል እንደ ሄድሁ አልጠየቀችኝም። ምነው በጠየቀችኝ!

ከዚህ የተማርሁት አንድ ነገር ነው። ወጪ ስላልተቈጠረ አይቀርም፤ ሌላ ሰው ይከፍለዋል። የእኛን ስሕተት ሹፌሩ 200 ዶላር ከፈለበት። እናቴም ልጇን የማየት ደስታዋን ከፈለችበት። የቀረውን እኔው ከፈልሁ፤ በካርዱ ላይ የቆመው ዕዳ ከልዩ ልዩ ወጪ ጋራ 3,000 ዶላር ያህል ሲሆን ወለዱ በዓመት 24 በመቶ ነበረ። በመጀመሪያው ወር ብቻ የወለደው 60 ዶላር፥ የዚያ የእንጨት አንበሳ ዋጋ ነው። ዕዳው ያለቀው በአሥራ አራተኛው ወር ነው። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ማለት ይህ አይደለምን?

«ታዲያ ሳፋሪ የሀብታም ጨዋታ ነው፤ ቢቀርስ ምን አለበት?» የሚሉ አሉ። ከእነዚህ ጋራ አልስማማም። ፍጥረትን ማየት አእምሮን ያሰፋል፤ የመንገደኛውም ገንዘብ ብዙ ቤተ ሰብ ያኖራል። በ2020 በኮሮና በሽታ ምክንያት መንገደኛ ሲቋረጥ በምሥራቅ አፍሪካ ብዙ ሹፌሮችና መሪዎች ሥራ ፈትተዋል። እንግዲህ መሄዱ ክፉ አይደለም፤ ክፉው ሰው በማይሸከመው ኪስ መሄድ ነው። «ዕድሜ አጭር ነው» ለሚሉትም መልሴ ይህ ነው፦ የሹፌሩም ዕድሜ አጭር ነው፤ የእናትም ከሁሉ ያጥራል።

ስለዚህ ወጣት አንባቢ ሆይ፥ ደመወዝ መቀበል ስትጀምር ሩቅ አገር ለማየት ብትመኝ ምኞትህ መልካም ነው። ነገር ግን ወረቀቱን እንደ እኔ ከትኬቱ አትጀምር። በመጀመሪያው መስመር እቤት ሆኖ እጅህን የሚጠብቀውን ሰው ጻፍ። በሁለተኛው በዚያ አገር የሚያገለግሉህን፥ ሹፌሩን፥ ወጥ ሠሪውን፥ ሻንጣ ተሸካሚውን ጻፍ። በሦስተኛው የመንግሥቱን ክፍያ በምትሄድበት ወር ስንት እንደ ሆነ ጠይቀህ ጻፍ፤ ዋጋ እንደ ወራቱ ይለያያልና። በ2024 የኬንያ ማሳይ ማራ ከውጭ ለሚመጣ ሰው እስከ ሰኔ መጨረሻ በቀን 100 ዶላር ሲሆን ከሐምሌ ጀምሮ 200 ሆኗል። በአራተኛው ክትባትን፥ የወባ መድኃኒትንና መድንን፤ በአምስተኛው ትኬቱንና ማደሪያውን ጻፍ። በመጨረሻም ከጠቅላላው አንድ ዐሥረኛውን ላልታሰበ ነገር አስቀምጥ። ድምሩ ካጠራቀምኸው ቢበልጥ ከቀኑ ቀንስ፥ ወሩን ለውጥ፥ ወይም አንድ ዓመት ታገሥ። ከመጀመሪያዎቹ ሁለት መስመሮች ግን አንዲት ሳንቲም አትቀንስ።

መታገሥ አይጎዳህም። ዊልድቢስት የሚባሉት ቀንዳም የዱር እንስሶች ከሚሊዮን በላይ ሆነው ዝናብንና ሣርን እየተከተሉ በየዓመቱ ሰሬንጌቲንና ማሳይ ማራን ይዞራሉ። ዘንድሮ ያላየሃቸውን ለከርሞ ታገኛቸዋለህ። በሁለት እጁ የተቀበለህን ሹፌር ግን ዳግመኛ ላታገኘው ትችላለህ፤ እናትም ሁልጊዜ በደጅ ቆማ አትጠብቅም።