ብስክሌተኛው፣ ቡኢና የጎጌቲ ዝምታ

በቡኢ በኩል የሚያልፍ ብስክሌተኛ አገር ጐብኚ ሁለት ነገር ይቈጥራል፤ ኪሎ ሜትርና ዳገት። ከአዲስ አበባ ተነሥቶ 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ፔዳል ሲመታ ውሎ ከዚህች የሶዶ ወረዳ ከተማ ይደርሳል፤ ሻዩን ይጠጣል፤ ኮዳውን ውሃ ይሞላል፤ ወደ ቡታጅራ ያቀናል። በስተቀኙ የጉራጌ ተራሮች፣ በስተግራው ወደ ስምጥ ሸለቆ የሚዘቀዝቀው ምድር፣ በመካከላቸውም ከተራራው ሥር እየተጋጠሙ መቂን የሚመግቡት ውሃዎች አብረውት ይጓዛሉ። መቂም ቆላውን ሰንጥቆ ዝዋይ ሐይቅ ይገባል። አገሩ ያማረ ነው፤ ማንም አይክድም። ክርክሩ ያ ብስክሌተኛ ምን ረግጦ እንደሚያልፍ የሚነግረው ሰው በመጥፋቱ ላይ ነው።

በየካቲት 1929 ዓ.ም. ራስ ደስታ ዳምጠው፣ ደጃዝማች በየነ መርዕድና ደጃዝማች ገብረ ማርያም ከሲዳሞና ከባሌ ጦር የተረፈውን ይዘው በዚሁ በጉራጌ ምድር ጎጌቲ በተባለ ስፍራ በጠላት ተከበቡ። ራስ ደስታ ከአንድ ዓመት በፊት፣ በጥር 1928 ዓ.ም.፣ በገናሌ ዶርያ የግራዚያኒን ሠራዊት የገጠሙ የጦር አዛዥ ነበሩ። ይርጋለም በኅዳር 1929 ዓ.ም. በጠላት እጅ ከወደቀ በኋላ፣ ጦሩ ከሲዳሞ ተራሮች ወጥቶ፣ የሐይቆቹን ቆላ አቋርጦ እስከዚህ የደረሰው በእግሩና በበቅሎው ነው። የሚያሳድደው ጠላት ግን አውሮፕላንና የጭነት መኪና ነበረው። የጎጌቲ ውጊያ የተደረገው የካቲት 11 እና 12 ቀን ነው። የካቲት 12 ለአዲስ አበባ ምን ዕለት እንደሆነ ለዚህ መጽሔት አንባቢ መንገር አያሻም። ነገር ግን በገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ቦምብ በፈነዳበት፣ የከተማው ሕዝብም በአካፋና በዶማ መጨፍጨፍ በጀመረበት በዚያው ዕለት፣ በስተደቡብ በጉራጌ ምድር ሌላ ደም ይፈስ እንደነበር ስንቱ መምህር ለተማሪው ነግሯል? ደጃዝማች ገብረ ማርያም በውጊያው ወደቁ። ደጃዝማች በየነ ተማርከው ተገደሉ። ራስ ደስታ ከከበባው ቢያመልጡም ከጥቂት ቀናት በኋላ ተይዘው የካቲት 17 ቀን ቡታጅራ ላይ ተረሸኑ።

የሚያስገርመው ስማቸው አለመረሳቱ ነው። አዲስ አበባ ውስጥ ሊሴ ገብረ ማርያም ትምህርት ቤት አለ፤ ራስ ደስታ ዳምጠው መታሰቢያ ሆስፒታል አለ። ወላጅ ልጁን «ሊሴ» አስገባሁ ብሎ ይኰራል፤ ሕመምተኛ «ራስ ደስታ» ተኝቼ ዳንሁ ብሎ ያመሰግናል። ስሙ አድራሻ ሆኗል። ሰውዬው የት እንደ ወደቁ፣ ምን ሲሉ እንደ ወደቁ ግን ከስሙ ተነጥሎ በዚያ ሸለቆ ቀርቷል። ስምን ከተማ አምጥቶ ደሙን ገጠር ትቶ መሄድ የቆየ ልማድ ነው፤ ልማድነቱ ግን ተገቢ አያደርገውም።

እንግዲህ ወደ ብስክሌተኛው እንመለስ። ከካይሮ እስከ ኬፕ ታውን የሚጓዘውና በ1995 ዓ.ም. የተጀመረው ቱር ደ አፍሪክ የተሰኘው የብስክሌት ጉዞ በአንዳንድ ዓመታት በቡታጅራ መንገድ አልፏል። ለብቻቸው ወይም ጥንድ ጥንድ ሆነው የሚመጡም አሉ። እነዚህ ጐብኚዎች ስለ ኢትዮጵያ በጻፏቸው የጉዞ ማስታወሻዎች ውስጥ የሚደጋገም አንድ ነገር ቢኖር የመንገድ ዳር ልጅ ነው፤ «ዩ! ዩ!» እያለ የሚከተል፣ ብር የሚለምን፣ አንዳንዴም ድንጋይ የሚወረውር ልጅ። ድንጋይ መወርወር ነውር ነው፤ ይህንን ማለባበስ አይገባም፤ ወላጅም መምህርም ሊገሥጸው ይገባል። ይሁን እንጂ ጐብኚው በዚህ መንገድ የሚያየውን በቅደም ተከተል እንመልከት። መልካ ቁንጥሬ አዋሽ ዳር ወርዶ የድንጋይ ዘመን መሣሪያ ያያል፤ ስፍራው በ2016 ዓ.ም. ከባልጪት ጋር በዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። ከዚያ በ1972 ዓ.ም. የተመዘገበውን ጢያ ጐብኝቶ፣ ሰይፍ ከተቀረጸባቸው ትክል ድንጋዮች ጎን ፎቶግራፍ ይነሣል። ከዚያ ቡኢ ነው። ከድንጋይ መሣሪያ ወደ ትክል ድንጋይ፣ ከትክል ድንጋይ ወደ ድንጋይ ወርዋሪ ልጅ! በመካከሉ የነበረው ዘመን፣ ሰው ለአገሩ የሞተበት ዘመን፣ ተዘሏል። ልጁም ብስክሌተኛውም ስለዚያ ዘመን የሰሙት ነገር የለም፤ ሁለት የማይተዋወቁ ፍጡራን በአንድ ጎዳና ላይ ይተላለፋሉ። ያ ልጅ ጎጌቲ ላይ የሆነውን ቢያውቅና ቢጠየቅ፣ እጁ ድንጋይ ከማንሣት ይልቅ አቅጣጫ ለማሳየት በተዘረጋ ነበር።

«ብስክሌት የፈረንጅ ጨዋታ ነው፤ ባህላችን አይደለም» የሚሉ አሉ። በባህልና በቱሪዝም ሥራ ላይ ከተሰማሩት መካከል ሳይቀር ይህን የሚናገር አይጠፋም። መልሱ ቀላል ነው። ነፃነት በተመለሰ በ16ኛው ዓመት፣ በ1949 ዓ.ም.፣ ኢትዮጵያ ለመጀመሪያ ጊዜ በተካፈለችበት የሜልቦርን ኦሊምፒክ ልጆቿን ያሰለፈችው በሁለት የስፖርት ዓይነቶች ነው፤ አንዱ አትሌቲክስ፣ ሌላው ብስክሌት። ባሕር ዳርና ሐዋሳ ተማሪው፣ ሠራተኛው፣ ነጋዴው በብስክሌት ሲመላለስ የኖረባቸው ከተሞች ናቸው። በርግጥ የብስክሌት ጠጋኙ ቋንቋ ጣልያንኛ የበዛበት ነው፤ ጎማው፣ ካቴናው፣ ፍሬኑ፣ ፒንሳው፣ ካቻቢቴው። ወራሪው ሲባረር ቃሉን ጥሎ ሄደ፤ ጠጋኙም አንሥቶ የራሱ አደረገው። ቃሉን ወርሶ ታሪኩን መጣል ግን የተገላቢጦሽ ውርስ ነው። ከዚሁ ጋር ተያይዞ አልፎ አልፎ ለእንግዳ የሚነገር አንድ አሳፋሪ ወሬ አለ፤ «ጣልያን መንገድ ሠራልን» የሚል። ለማን ሠራ? ጣልያን በአምስቱ ዓመት መንገድ የጠረገው ጭነት መኪናውና መድፉ ከአርበኛው እግር ቀድሞ እንዲደርስ ነው። እንደ ራስ ደስታ ጦር ያለ በእግሩ የሚሄድ ሠራዊት በመኪና ለሚጓዝ ጠላት የቱን ያህል የተጋለጠ እንደ ነበር የሚያውቅ ሰው፣ ይህን ወሬ እንደ ቸርነት ተረት ለእንግዳ አያወራም።

ሌላው ወገን ደግሞ «በየዓመቱ የአበባ ጕንጕን ይቀመጣል፤ ይበቃል» ይላል። የአበባ ጕንጕን የሚንቅ ሰው የለም። ነገር ግን በላንድክሩዘር መጥቶ፣ ንግግር አሰምቶ፣ ምሳ በልቶ በዚያው ቀን የሚመለስ ልዑክ ስለዚያ ሸለቆ ምን ያውቃል? የተዘጋ መስተዋት አቧራውን ብቻ ሳይሆን ሰውንም ያስቀራል። በእግር የተደረገን ጦርነት በሰዓት 80 ኪሎ ሜትር እየበረሩ ማንበብ አይቻልም። ዳገቱ ምን ያህል እንደሚያደክም፣ ውሃው ከውሃ ምን ያህል እንደሚርቅ፣ ጥላ የት እንዳለ፣ መሸሸጊያ የት እንደሌለ የሚያስተምረው የራስ ጉልበት ነው። በእግር መሄድ ለዚህ ይበልጣል፤ ግን ጊዜ ይወስዳል። ብስክሌት በሁለቱ መካከል ያለ ነው። ያስኬዳል፤ በማንኛውም ሰዓት ያስቆማል፤ ከሚያርስ ገበሬ ጋርም ያለ መስኮት ሰላምታ ያለዋውጣል።

«የጦር ሜዳ መጫወቻ አይደለም» ለሚለው ተቃውሞ ክብር መስጠት ይገባል። የመጀመሪያው የዓለም ጦርነት ባበቃ በስድስተኛው ወር አንድ የፓሪስ ጋዜጣ ገና ሬሳው ተለቅሞ ባላለቀበት የጦር ሜዳ ላይ የብስክሌት ውድድር አካሂዷል፤ ጋዜጣ ለመሸጥ። እንዲህ ያለው ለጎጌቲ አይመኙትም። ግን ሌላም አለ። በዚያው ጦርነት ጣልያኖችና ኦስትሪያውያን የተላለቁበት የኢሶንዞ ወንዝ ሸለቆ ዛሬ የሰላም መንገድ ተብሎ ጐብኚ በእግሩና በብስክሌቱ ይጓዝበታል። በአቅራቢያው ሬዲፑሊያ ላይ ከ100,000 በላይ ወታደሮች ያረፉበት የድንጋይ ደረጃ ተሠርቷል። ያንን መታሰቢያ ሙሶሊኒ በተገኘበት ያስመረቁት መቼ ነው? በመስከረም 1931 ዓ.ም.፤ ራስ ደስታ ቡታጅራ ላይ ከተረሸኑ ሁለት ዓመት እንኳ ሳይሞላ። የራሱን ሙታን በእብነ በረድ የሚያስተኛ መንግሥት የሰውን ምርኮኛ በጥይት ይደበድብ ነበር። ግራዚያኒ ራሱም አልተረሳም፤ በ2004 ዓ.ም. አፊሌ በተባለች መንደር ሐውልት ቆመለት። ገዳይ መታሰቢያ ሲያገኝ የሟች አገር ልጆች ሟቹ የወደቀበትን ኰረብታ በጣታቸው ማሳየት ካቃታቸው፣ በቁጭት ከመጮኽ በፊት የቤት ሥራን መሥራት ይቀድማል።

የቤት ሥራው ከባዱ ክፍል ግን ይኸውና። ራስ ደስታን ያሳደዱና የያዙ ጣልያኖች ብቻ አልነበሩም፤ በጣልያን ደመወዝ የተሰለፉ ያገር ልጆች ነበሩበት። ይህን ሳይናገሩ ጎጌቲን ማስጐብኘት ግማሽ ሬሳ መቅበር ነው። አንዳንድ ካድሬ «ቁስል አይነካ» በሚል ይህን ያልፋል፤ ሌላው ደግሞ ነገሩን ለሰፈር ጠብ ማገዶ ሊያደርገው ይሻል። ሁለቱም ከእውነቱ ይሸሻሉ። ለባንዳ ጎሣ የለውም፤ ደመወዝ አለው እንጂ።

ለኪነ ጥበብ ሰውም ጥያቄ አለ። አቡነ ጴጥሮስ በጸጋዬ ገብረ መድኅን ብዕር መድረክ ላይ ቆመው ትውልድ አለቀሰላቸው፤ አደባባይ ሐውልት አላቸው። የጎጌቲ ሦስቱ አዛዦች፣ ከእነሱም ይልቅ ስማቸው ያልተመዘገበው ስንቅ ተሸካሚዎች፣ በቅሎ ሳቢዎች፣ ቁስለኛ በቤታቸው የደበቁ የሶዶና የመስቃን ባላገሮች ያን ያህል ብዕር አላገኙም። ብዕረኛው በአዲስ አበባ ቡና ቤት ተቀምጦ «ጭብጥ ጠፋ» ይላል። ጭብጡ ከደጁ የአንድ ቀን የብስክሌት መንገድ ነው።

ጊዜውም እያለቀ ነው። በ1929 ዓ.ም. የ10 ዓመት እረኛ የነበረ ሕፃን ዛሬ በሕይወት ቢኖር 100 ዓመት ሊሞላው ምንም ያህል አይቀረውም። የዓይን ምስክሩ ከሞላ ጐደል ሄዷል። የቀረው ከአባቱ የሰማ ልጅ ነው፤ እሱም አርጅቷል። የሰማውም ብዙውን ጊዜ በክስታንኛ ነው፤ «ከዚህች ዛፍ ሥር»፣ «ከዚያች ውሃ ማዶ» የሚል የቦታ ስም ዝርዝር፤ ቦታው ላይ ቆመው ካላዳመጡት ትርጕም የማይሰጥ። ዛፉ ሲቈረጥ፣ ቋንቋውን የሚሰማ ልጅ ሲጠፋ፣ ያ ዝርዝር ይዘጋል።

የካቲት 12 አዲስ አበባ ላይ፣ 6 ኪሎ፣ ጕንጕኑ ይቀመጣል። የካቲት 17 ራስ ደስታ የሞቱበት ቀን ነው። በሁለቱ መካከል አምስት ቀን አለ፤ እስከ ቡታጅራ ያለው መንገድም 130 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ለሠለጠነ ጋላቢ የአንድ ቀን መንገድ ነው፤ ለትምህርት ቤት ልጆችና ለመምህራኖቻቸው ግን አምስቱ ቀን ልክ ነው። አንድ ቀን አዋሽ ዳር፣ አንድ ቀን ጢያ፣ አንድ ቀን ቡኢ ከሽማግሌዎች ጋር፣ አንድ ቀን ጎጌቲ፣ አንድ ቀን ቡታጅራ። በየካቲት ዝናብ ብርቅ ነው፤ ወንዞቹ ያነሱ ናቸው፤ በድንጋይ ላይ እየዘለሉ ይሻገሯቸዋል። ብዙ ወጪ የለበትም፤ የትምህርት ቤቱ ግቢ ማደሪያ ይሆናል፤ ጎማ የሚጠግን ልጅ በየከተማው አለ። የቡኢ ተማሪዎች ደግሞ እንግዶቹን ከከተማው መግቢያ ተቀብለው፣ በራሳቸው ብስክሌት ከፊት ቀድመው፣ ቦታውን እየጠሩ ይመራሉ።