ለልጆቻችን ሥራ አንገዛም

የወረዳው ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ክፍት የሥራ ቦታ ዓርብ ከሰዓት ይለጠፋል። ሰኞ ጠዋት ወረቀቱ የለም፤ ወይም ሌላ ወረቀት ተደርቦበታል። ቀድሞ ያየው ልጅ ሊመዘገብ ሲሄድ «ዋናውን ዲግሪ ይዘህ ና» ይሉታል፤ ይዞ ሲመጣ ምዝገባው አብቅቷል። ቀንቶት ለፈተና የተቀመጠውም ቢሆን፣ በጽሑፉ ያገኘውን ነጥብ ቃለ መጠይቁ ይበላበታል፤ እዚያ ውጤቱ ያለው በጠያቂዎቹ እጅ ነውና። ከዚያ «ሰው አለህ ወይ?» የሚለው ጥያቄ ይመጣል። ሰው ለሌለው ዋጋ ይነገረዋል።

ይህን የማያውቅ አንባቢ ያለ አይመስለኝም። ያልተነጋገርንበት ግን አንድ ነገር አለ፤ ዋጋውን የሚከፍለው ማነው? የመውጫ ፈተናውን አልፎ ትናንት የተመረቀ ልጅ ምን ገንዘብ አለው? የምንከፍለው እኛ ወላጆች ነን። እናት የእቁብ ዕጣ ቀድሞ እንዲሰጣት ትለምናለች። አባት በሬውን ይሸጣል። ቤሩት ወይም ጂዳ ሰው ቤት የምትሠራ እህት፣ ለምን እንደሆነ በደንብ ሳይነገራት «ለወንድምሽ ጉዳይ ማስጨረሻ» ተብላ ትልካለች።

እኛ እንዲህ አልነበረም ያደግነው። አንድ ልጅ የራሱ ያልሆነ እርሳስ ይዞ ቤት ሲገባ የመጀመሪያው ጥያቄ «ከየት አመጣኸው?» ነበር። «መንገድ ላይ አገኘሁት» ማለት አያድንም። እናቱ እጁን ይዛ እርሳሱ ወደተወሰደበት ቤት ትመልሰዋለች፤ በራሱ አፍ ይቅርታ ጠይቆ እስኪያስረክብ ደጃፉ ላይ ቆማ ትጠብቃለች። እሷ ባታይ ጎረቤት ታያለች፤ ጎረቤትም የመቆጣት ሙሉ መብት ነበራት። ለታላቅ ከመቀመጫ መነሳት፣ ከማዕድ ቀድሞ እጅ አለመስደድ፣ የሰው ንብረት አለመንካት በአንድ ቤት፣ በአንድ አፍ የሚነገሩ ትምህርቶች ነበሩ። ሰውን ያከበረ ልጅ ድርሻውንም አይነካበትም ነበር።

ያ አስተዳደግ እንከን አልነበረውም አልልም። ዱላው በዝቶበት ነበር። ከዱላው የከፋው ደግሞ ዝምታው ነው፤ «ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ» እየተባልን አድገን ሹም ፊት አንገት መድፋትን ከጨዋነት ቆጠርነው። ዛሬ ጉቦ የሚጠይቀን ሰው የሚተማመነው በዚሁ ዝምታችን ነው። ከአስተዳደጋችን «ከየት አመጣኸው?» የሚለውን ጥያቄ እንውሰድ፤ ዝምታውን እንጣለው።

ሥራ የገዛ ሰው አገልግሎት ይሸጣል። በገንዘብ መሬት አስተዳደር የገባ ባለሙያ ያወጣውን የሚያስመልሰው ከገበሬው የይዞታ ደብተር ነው። በገንዘብ ቀበሌ የተቀጠረው መታወቂያ ልታድስ የመጣችውን እናት «ነገ ነይ» እያለ የሚያመላልሳት ኪሷን እስክትፈታ ነው። ልጇን ለማስቀጠር የከፈለችው እናት በሌላ መስኮት ደግማ ትከፍላለች። ግብረ ገብ ወደ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች መመለሱ ደስ ይላል፤ ነገር ግን ቀን ስለ ሐቀኝነት የተማረ ሕፃን ማታ አባቱ ለእህቱ ቅጥር ብር ሲቆጥር ካየ፣ የሚይዘው የማታውን ትምህርት ነው።

ሕግ አልጎደለንም። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 12 የመንግሥት አሠራር ለሕዝብ ግልጽ ይሁን ይላል። የፌዴራሉ የሥነ ምግባርና ፀረ ሙስና ኮሚሽን በ1993 ተቋቁሟል። የሙስና ወንጀሎች አዋጅ ቁጥር 881/2007 ጉቦ ተቀባዩንም ሰጪውንም ይቀጣል። አዋጅ ቁጥር 699/2003 ጠቋሚዎችና ምስክሮች እንዲጠበቁ፣ አዋጅ ቁጥር 590/2000 ደግሞ ዜጋ ከመንግሥት መሥሪያ ቤት መረጃ ጠይቆ እንዲያገኝ ደንግገዋል። የጎደለን አብሮ መቆም ነው። አንድ ቤተሰብ ብቻውን «አልከፍልም» ቢል ልጁ ቤት ይቀመጣል፤ ቦታውን የከፈለው ይወስደዋል። በአንድ ቀን መቶ ቤተሰብ «አንከፍልም» ካለ ግን ሻጩ ገዢ ያጣል።

መቶ ቤተሰብ የሚሰበሰብበት ቦታ ደግሞ አለን፤ እድር ይባላል። ስም ይጠራል፣ የቀረ ይቀጣል፣ ሀብታምና ድሃ እኩል ይቀመጣል። እዚያ «የዚህ እድር አባል ለልጁ ሥራ ገንዘብ አይሰጥም፤ ለሌላውም አያቀባብልም» ብለን እንወስን። ቃለ ጉባኤ ይያዝ፣ እንፈርም። ካህናትና ኢማሞች በመካከላችን ይቁሙ።

ወጣቶች፣ ማስታወቂያ በተለጠፈ ሰዓት በስልካችሁ አንሱት፤ በዚያው ቀን በየቴሌግራም ግሩፑ ይዳረስ። ከዚያ በኋላ ወረቀቱን ቢገነጥሉት ምንም አይጠቅማቸውም። ውጤት ሲለጠፍ ብቻችሁን አትሂዱ። የተወዳደራችሁት ሁሉ በአንድ ማመልከቻ ፈርማችሁ የጽሑፉና የቃለ መጠይቁ ነጥብ ለየብቻ እንዲገለጽ ጠይቁ፤ መዝገብ ቤት ገቢ አስደርጋችሁ ቁጥሩን ያዙ። የቃል አቤቱታ ተረስቶ ይቀራል፤ ቁጥር ያለው ደብዳቤ ግን መልስ ይፈልጋል። ጡረታ የወጣችሁ የመንግሥት ሠራተኞች፣ የቢሮውን አሠራር የምታውቁት እናንተ ናችሁና ደብዳቤውን አብራችሁ አርቅቁላቸው። ስድብ አይኑር፣ ድንጋይ አይነሳ። ሰላምታ ሰጥተን እንገባለን፤ መልስ ሳናገኝ ግን አንበተንም።

በየቢሮው ያላችሁ ሐቀኛ ሠራተኞች፣ ብዙ እንደሆናችሁ አውቃለሁ። በቅጥር ኮሚቴ ስትቀመጡ የማታምኑበት ቃለ ጉባኤ ላይ አትፈርሙ፤ የልዩነት ሐሳባችሁ በጽሑፍ ይስፈር። ውጭ አገር ያላችሁ እህቶቻችንና ወንድሞቻችን፣ «ጉዳይ ማስጨረሻ» ስትባሉ የምን ጉዳይ እንደሆነ ሳትጠይቁ አንድ ሪያል አትላኩ።

በሚመጣው የእድር ስብሰባ ይህን አጀንዳ አስይዙ። ሰብሳቢው «ሌላ የቀረ ጉዳይ አለ?» ሲል እጃችሁን አውጡና «እኔ ለልጄ ሥራ አልገዛም፤ ማን አብሮኝ ይፈርማል?» በሉ።