በጭብጨባ ስለ መሾም፤ ለልጆቻችን ትምህርት ቤት የወላጅ፣ ተማሪና መምህር ኅብረት ሰብሳቢ የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ክቡር ሰብሳቢያችን ሆይ፤

ባለፈው እሑድ በትምህርት ቤቱ አዳራሽ በተደረገው ጠቅላላ ጉባኤ፣ የመዋጮው ነገር ተነግሮ፣ የአጥሩ ነገር ተነግሮ፣ ወላጁም ከወንበሩ እየተነሣ ነጠላውን በሚያስተካክልበት ሰዓት፣ «የቀረን የምርጫ ጉዳይ ነው፤ ነባሮቹ ቢቀጥሉ ምን ይመስላችኋል?» የሚል ቃል ከመድረኩ ወረደ፤ በፊተኛው ረድፍ የተቀመጡት መምህራን ሲያጨበጭቡም የኋላው ሰው ተከትሎ አጨበጨበ፣ ምርጫውም በዚሁ ተፈጸመ። ይህን ደብዳቤ እንድጽፍ ያስገደደችኝ ያች ጭብጨባ ስለሆነች፣ ሌላውን ቅሬታ ወደ ጎን ትቼ ስለ እርሷ ብቻ ልናገር አስቤያለሁ፤ እስከ መጨረሻው ራሴን መግታት ከቻልሁ ማለቴ ነው።

የሠሩትን አልክድም። የሴቶች ልጆች መጸዳጃ ቤት ከወንዶቹ ተለይቶ የታነጸው፣ የውሃ ታንከሩም የተተከለው በእርስዎ ደጅ ጥናት እንደሆነ የምናውቅ እናውቃለን። ስለ ምስጋና ይህ ይበቃል።

የኅብረታችንን ታሪክ እርስዎ ከእኔ ይልቅ ያውቁታል። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ትምህርት ቤቶች ከኅብረተሰቡ፣ ከመምህራንና ከተማሪዎች በተውጣጡ ቦርዶች ወይም ኮሚቴዎች ዴሞክራሲያዊ በሆነ መንገድ እንዲመሩ ሲያዝ፣ በ1994 ዓ.ም. የተከተለው መመሪያም ወላጁን ከመምህሩ ጋር በአንድ ጠረጴዛ ሲያስቀምጥ፣ አዳራሹ በተስፋ ተሞልቶ እንደነበር እርስዎ ራስዎ በየመድረኩ ሲተርኩልን ኖረዋል። ከ2001 ዓ.ም. ወዲህ በተማሪ ቁጥር ልክ የሚለቀቀው የትምህርት ቤት ድጎማ መምጣት ሲጀምርማ፣ ዕቅዱን የሚመረምረው፣ ወጪውንም የሚያየው ይኸው ኅብረት ሆነና፣ የሰብሳቢነት ወንበር የክብር መቀመጫ መሆኗ ቀርቶ በገንዘብና በሕፃናት ዕድል ላይ የምትፈርድ ወንበር ሆነች። እንግዲህ ወንበሯ ይህን ያህል ከከበደች፣ በላይዋ የሚቀመጠው ሰው የሚመረጥበት ሥርዓት እንደምን እንዲህ ቀለለ?

እስቲ በዚያች ጭብጨባ ውስጥ ማን እንደነበረ አብረን እንመርምር። ከኋላ በር አጠገብ አንዲት እናት ተቀምጣ ነበር፤ ጉልት ቸርችራ ሦስት ልጆች የምታስተምር፣ ስለ መዋጮው የምትጠይቀው ያላት፣ ነገር ግን ከፊቷ የተቀመጡት መምህር በማግሥቱ የልጇን ደብተር የሚያርሙ፣ በሰኔም ውጤቱን የሚሞሉ መሆናቸውን ከማንም ይልቅ የምታውቅ ናት። ይህች እናት እጇን አንሥታ «ሌላ ሰው ይጠቆም» ትላለች ብለው ያምናሉን? በሌላ ማኅበር ውስጥ የተቃወመ ሰው የሚያጣው ምናልባት የጎረቤቱን ሰላምታ ነው፤ በትምህርት ቤት ግን ወላጅ የሚፈራው ለራሱ ሳይሆን ለልጁ ነውና፣ ድምፅን በምሥጢር መስጠት ከየትም ስፍራ ይልቅ የሚያስፈልገው በዚህ ነበር። የአገራችን ሕገ መንግሥት በ38ኛው አንቀጽ የመንግሥት ሥልጣን የሚያዝበት ምርጫ በምሥጢር ድምፅ እንዲሆን ሲደነግግ፣ በማኅበራት ውስጥ የሚደረገውም ነፃና ዴሞክራሲያዊ እንዲሆን አዝዟል። አንቀጹ የወላጆችን ኅብረት በስም አልጠራም ይሉኝ ይሆናል፤ አልጠራም። የኅብረቱ ስም ካልተጠራ ግን የዚያችን እናት ፍርሃት መጠቀሚያ ማድረግ ይገባል ማለት ነውን?

ደግሞም ጭብጨባ አይቆጠርም። ስንት ሰው እንደደገፈ፣ ስንቱ እንደተቃወመ፣ ስንቱስ ድምፀ ተአቅቦ እንዳደረገ ከእርሷ ማወቅ አይቻልም፤ ስለዚህ ርዕሰ መምህሩ ጸሐፊ ሆነው በሚይዙት ቃለ ጉባኤ ላይ ዘወትር የሚሰፍረው «በአንድ ድምፅ ተወሰነ» የሚለው ነው። በዚህ «አንድ ድምፅ» ነው እንግዲህ በፈቃደኝነት ይሰጣል የተባለው መዋጮ በምዝገባ ሰሞን እንደ ግዴታ የሚጠየቀው፤ መንግሥት ትምህርትን ከክፍያ ነፃ ባደረገበት እርከን ልጁን ሊያስመዘግብ የመጣ ወላጅ «እናንተው ናችሁ የወሰናችሁት» ተብሎ የሚመለሰውም በዚሁ ነው። ምልዓተ ጉባኤው መሟላቱን የቆጠረ ሰው አላየሁም። ጥሪው በልጆቹ ደብተር ላይ ተጽፎ የመጣው በዋዜማው ስለነበር፣ ባይሟላም አልደነቅም።

ጊዜ የለም፣ ወላጁም ቸኳይ ነው የሚለውን መልስዎን አስቀድሜ እሰማዋለሁ። ምርጫውን ከአጀንዳው መጨረሻ ላይ ያኖረው ማን ሆነና? ሐዋርያት በይሁዳ ስፍራ የሚተካውን ሲሹ፣ መቶ ሃያ በሚያህል ማኅበር መካከል ዮሴፍንና ማትያስን ሁለቱን አቆሙ እንጂ አንዱን አቁመው እልል በሉ አላሉም፤ ይህንንም ያደረጉት ከጸሎታቸው ጋር በአንድ ጉባኤ ነው፣ ጊዜም አልጠበባቸውም። እኛ የምንሻው ከዚያ ያነሰ ነው፤ ሁለት ዕጩ፣ ብጣሽ ወረቀት፣ አንድ የካርቶን ሳጥን፣ ዕጩም መምህርም ያልሆኑ ሦስት ቆጣሪዎች። የሰፈራችን እድር እንኳ ዳኛውን ሲለውጥ ድንኳኑንና ወንበሩን፣ ብረት ድስቱንና የሣጥኑን ቁልፍ በምስክር ፊት ቆጥሮ ያስረክባል፤ በእኛ ኅብረት ግን ባለፈው ጊዜ አዲስ የተሰየሙት ገንዘብ ያዥ የደረሰኝ ጥራዞቹን ሲጠይቁ «ቀስ ብሎ ይደርሳል» ተባሉ፤ ጥራዞቹ አልደረሷቸውም፣ በባንክ ያለውም ፊርማ ሳይለወጥ፣ ማኅተሙም ከነበረበት መሳቢያ ሳይወጣ እሳቸው በገዛ ፈቃዳቸው ለቀቁ። ይህ የርክክብ ጉድለት ራሱን የቻለ በሽታ ሊመስልዎ ይችላል፤ ለእኔ ግን የጭብጨባዋ ልጅ ነው፤ ቀድሞውኑ የሚወርድ ሰው እንደሌለ የሚያውቅ ሹም መዝገቡን ለማስረከብ አያሰናዳም።

እርስዎን ብቻ ብወቅስ ፍርዴ የጎደለ ይሆናል። በደርግ ዘመን ትምህርት ቤቶችን ሕዝብ ያስተዳድራቸው ተብሎ ኮሚቴዎች ሲቋቋሙም ወላጁ ያጨበጭብ ነበር፤ ጭብጨባውን ወርሰን ስሙን ብቻ ለወጥን። ዛሬም «ትምህርት ለትውልድ» ተብሎ ሕዝቡ ሲጠራ ወላጁ ቀለም ይገዛል፣ ሲሚንቶ ያዋጣል፣ ይህም መልካም ነው፤ ነገር ግን በ2015 ዓ.ም. የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና ከወሰዱት ተማሪዎች ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.2 በመቶ ብቻ መሆናቸው በተነገረን ጊዜ፣ ልጆቻችን ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ እንዴት ሲማሩ እንደነበር ይጠይቅልን ዘንድ የምንልከው እንደራሴ አልነበረንም። ሲሚንቶ ለማዋጣት የበቃ ወላጅ እንደራሴውን በወረቀት ለመምረጥ አይበቃም የሚለው አስተሳሰብ ከየት እንደመጣ አላውቅም፤ ከወረዳ እስከ ሚኒስቴር ግን ተንሰራፍቶ አየዋለሁ።

ወደ ራሳችን ጉዳይ ልመለስ። የእርስዎ የመጨረሻ ልጅ ስምንተኛ ክፍልን ጨርሳ ከትምህርት ቤታችን ከወጣች ሁለተኛ ዓመቷን ይዛለች። ይህን በአደባባይ ላለማንሣት ብዙ ታግሻለሁ፤ ስለማከብርዎ ነበር፣ አሁንም አከብርዎታለሁ፤ ልጆቼ ገና ፊደል ሲቆጥሩ ከበር ላይ ቆመው በስማቸው ይጠሯቸው እንደነበር አልረሳሁም። ነገር ግን በትምህርት ቤቱ ልጅ የሌለው ሰው የወላጆች እንደራሴ የሚሆንበትን ደንብ ያሳዩኝ ብልዎ የሚያሳዩኝ አይመስለኝም፤ ቢኖር ኖሮ እሑድ ዕለት ከጭብጨባው በፊት ይነበብ ነበር።

ስለዚህ የምለምንዎ ይህ ነው፤ የእሑዱ ምርጫ ይሻር፣ ከጥር ወር በፊትም በሁለት ሳምንት ማስታወቂያ ጉባኤው ይጠራ፣ ምርጫውም የመጀመሪያው አጀንዳ ይሁን፣ ድምፅ ሲሰጥ መምህራኑ ከአዳራሹ ወጥተው የራሳቸውን ተወካዮች ለብቻቸው ይምረጡ፣ በዚያው ዕለትም መዝገቡ፣ ማኅተሙና የደረሰኝ ጥራዞቹ በፊርማ ይተላለፉ። በወረቀት ተወዳድረው ቢያሸንፉ የመጀመሪያው ታዛዥ እኔ እሆናለሁ። ይህ ካልሆነ ደግሞ የእኔ ታናሽ ልጅ ገና አምስተኛ ክፍል ናትና፣ በየጉባኤው መጥቼ ይህንኑ ጥያቄ የማንሣት መብት እስከ ስምንተኛ ክፍል ድረስ አለኝ።

ከአክብሮት ጋር፤
አንድ የአምስተኛ ክፍል ተማሪ ወላጅ