ቢጫዋ እንግዳ ስንቅ ሳትይዝ እንዳትሄድ

መጋቢት ሲጋመስ አዲስ አበባ ውስጥ ሣር ያለበትን ግቢ በጠዋት ያስተዋለ ሰው አንዲት ቀጠን ያለች ወፍ ሳያይ አይቀርም። ደረቷና ሆዷ ደማቅ ቢጫ፣ ጀርባዋ ወደ አረንጓዴ የሚያደላ ነው። እንደ ድንቢጥ አትዘልም፤ ትሮጣለች፤ ቆም ስትልም ጅራቷን ከፍ ዝቅ ታደርጋለች። ሱሉልታ ሜዳ ላይ ደግሞ ላሞቹ እግር ሥር እየተሽሎከለከች ከሣሩ የሚነሳውን ዝንብ ትለቅማለች።

የአገር ወፍ ትመስላለች እንጂ አይደለችም። በመስከረምና በጥቅምት ትመጣለች፤ እንቁላሏን የምትጥለው ግን ከቱርክና ከባልካን አንስቶ እስከ ሰሜን ስካንዲኔቪያና ሩሲያ ባለው ምድር ነው። ኢትዮጵያ ውስጥ ከተመዘገቡት ከ850 በላይ የወፍ ዝርያዎች 200 ያህሉ እንዲሁ ከአውሮፓና ከእስያ የሚመላለሱ ናቸው።

ታዲያ ሰሜኑ መሞቅ ሲጀምር ምን ያቆያታል?

ፍንጩ ያለው ወንዶቹ ራስ ላይ ነው። አንድ ሜዳ ላይ አብረው ከሚለቅሙት መካከል የአንዳንዶቹ ራስ እንደ ከሰል ጥቁር፣ የሌሎቹ ግራጫ ነው። ጥቁር ራሶቹ የባልካንና የቱርክ ናቸው፤ ራሳቸው ጠቆር ያለ ግራጫ የሆነው የሰሜን ጫፍ ልጆች ናቸው። ስዊድናዊው ካይ ከሪ-ሊንዳል እ.ኤ.አ. በ1963 ባሳተመው ጥናት እንዳሳየው፣ ኮንጎ ውስጥ አብረው የከረሙት እነዚህ ወፎች የሚነሡት በየተራ ነው። የደቡቦቹ ይቀድማሉ፤ የሰሜኖቹ ይቆያሉ። ሰሜን ስካንዲኔቪያ ወዳለችው ላፕላንድ በረዶው ሳይቀልጥ የደረሰች ወፍ ምን ትበላለች? ግንቦት ሊገባ ሲል እዚህ የምትታየው ወፍ መንገዱ የጠፋባት ሳትሆን አገሯ ሩቅ የሆነባት ናት።

ቀኑን በምን ታውቃለች የሚለው ደግሞ ሌላ ግርምት ነው። በአዲስ አበባ የዓመቱ ረጅሙና አጭሩ ቀን ልዩነት ከአንድ ሰዓት ብዙም አይበልጥም፤ ስለዚህ የቀኑ መርዘምና ማጠር ብዙ አይነግራትም። ጀርመናዊው ኤበርሃርድ ግቪነር እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ዊሎው ዋርብለር የተባሉትን ትንንሽ ተጓዥ ወፎች 12 ሰዓት ብርሃን፣ 12 ሰዓት ጨለማ በሆነ ክፍል ውስጥ አቆያቸው። ምንም የወቅት ምልክት ሳያዩ ላባቸውን ቀየሩ፤ የጉዞው ጊዜ ሲደርስም ሌሊት ሌሊት እረፍት ያጡ ነበር። የዓመቱ ሰዓት ውስጣቸው ነው።

ሰዓቱ ብቻውን ግን በረሃ አያሻግርም። ቢጫዋ ወፍ በአማካይ 17 ግራም ገደማ ብትመዝን ነው። ከጥር ጀምሮ ደብዛዛ ላባዋን ትቀይራለች፤ ከዚያ ለጉዞው የሚሆን ስብ ታጠራቅማለች። እስከ ሰሜን ጫፍ ከ5 ሺህ ኪሎ ሜትር ለሚበልጥ መንገድ ስንቋ ይኸው ነው። የበልግ ዝናብ ዘነብ ሲል የሚፈላው ዝንብና ትንኝ ለእሷ ድግስ ነው።

ነገሩ የከተማችን ጉዳይ የሚሆነውም እዚህ ላይ ነው። ግቢ ሁሉ በሲሚንቶ እየተነጠፈ፣ አንዳንዱም የላስቲክ ሣር እየለበሰ ነው። በየመንገዱ ዳር በቅርቡ የተዘረጋው ሣር ግን ለዚህች ወፍ ሊመቻት ይችላል፤ አጭርና እርጥብ ሣር ትወዳለችና። ሆኖም ሣር ያለ ነፍሳት ባዶ ገበታ ነው። በልግ ሲገባ “ትንኝ በዛ” ተብሎ ፀረ ተባይ የሚረጨው፣ ወፏ ስንቋን በምትሰበስብባቸው ሳምንታት ነው። (ትንኙን ያለ ደመወዝ የሚለቅምለትን ሠራተኛ ማስራብ ለአትክልተኛውስ ምን ይጠቅመዋል?)

ግቢ ያለው ሰው፣ ትምህርት ቤቶችና መናፈሻ የሚያስተዳድሩ ክፍለ ከተሞች ርጭቱን ቢያንስ እስከ ሚያዝያ መጨረሻ ያቆዩት። ግቢ ለማስነጠፍ የተነሣ ሰውም አንድ ጥግ ሣር ያስቀር፤ ውኃ ያጠጣው።