የጎንደር የአንጎል ምርምር ከጓያ ማሳ ቢጀምርስ?

ሰሞኑን አንድ የቀድሞ ተማሪዬ ከውጭ አገር ፎቶዎች ላከልኝ። የሚሠራበት የአንጎል ምርምር ተቋም ነው። የሚያብረቀርቅ ኮሪደር፣ ቤት የሚያህል የኤምአርአይ ማሽን፣ ጠዋት ጠዋት ቡና ይዘው ስለ አይጥ አንጎል የሚከራከሩ ወጣቶች። ከሥሩ «መምህር፣ እኛስ ጎንደር ላይ እንዲህ ያለ ነገር የሚኖረን መቼ ነው?» ብሎ ጽፏል። መልሱን ለብቻው ልጽፍለት ጀመርኩና ረዘመብኝ። ለሁላችሁም ይሁን ብዬ እዚህ አመጣሁት።

ነርቭ ሳስተምር በነበረ ጊዜ ከአንጎል ተነስቶ በአከርካሪ ውስጥ የሚወርደውን የእንቅስቃሴ መስመር ሰሌዳ ላይ እሥልና፣ እሱ ሲጎዳ እግር እንዴት እንደሚገተር አስረዳለሁ። ተረከዝ መሬት አይነካም፣ ጉልበት አልታጠፍ ይላል፣ እግር ከእግር እንደ መቀስ እየተጠላለፈ ነው የሚኬደው። ምሳሌዎቼ ሁሉ ከፈረንጅ መጽሐፍ ነበሩ። አንድ ቀን ከኋላ ወንበር አንድ የደምቢያ ልጅ እጁን አወጣና «መምህር፣ ይሄ እኮ የአጎቴ አካሄድ ነው። ጓያ ሰብሮት ነው» አለኝ። ክፍሉ ሳቀ። እኔም፣ እውነቱን ልንገራችሁ፣ ፈገግ ብዬ ወደሚቀጥለው ርዕስ አለፍኩ። ካስተማርኳቸው ክፍለ ጊዜያት ሁሉ የሚቆጨኝ ያ ነው። ልጁ የተናገረው ትክክለኛ የአንጎል ሳይንስ ነበር፣ ያውም ከቤቱ የመጣ።

ጓያን የማያውቅ ጎንደሬ መቼም የለም። ዝናብ ሲያጥር አይከዳም፣ ውኃ ተኝቶበት በከረመ የዋልካ መሬት ላይ በቀረችው እርጥበት ይበቅላል፣ ሌላው ጥራጥሬ ሲጠፋ እሱ ይተርፋል። ርካሽ ነው። ሽሮውም፣ እንካድ ካላልን በቀር፣ ይጣፍጣል። ችግሩ ኦዳፕ የሚባል የነርቭ መርዝ በውስጡ መኖሩ ነው። የህንድ ተመራማሪዎች ይህን ንጥረ ነገር ለይተው ያወጡት እንደ ፈረንጆቹ በ1964 ነው። አልፎ አልፎ ከሌላ እህል ጋር የሚበላ ሰው ብዙም አያሰጋውም። በክፉ ቀን ግን ለወራት ዋናው ምግብ ጓያ ይሆናል። ያኔ አንድ ጠዋት፣ አብዛኛውን ጊዜ ከባድ ሥራ የሚሠራ ጉልበተኛ ወጣት፣ እግሩ እምቢ ይለዋል። አእምሮው ደህና ነው። እግሩን ሲነኩት ይሰማዋል፣ ግን አይታዘዘውም። የሚያድን መድኃኒት እስከ ዛሬ አልተገኘም። ሐኪሞች ሕመምተኞቹን የሚመድቡበት መንገድ ራሱ ሆድ ያባባል፦ ያለ ዱላ የሚሄድ፣ ባለ አንድ ዱላ፣ ባለ ሁለት ዱላ፣ የሚድኽ።

ይሄ ነገር አልተጠናም እንዳትሉኝ። በአገራችን የነርቭ ሕክምና ቀዳሚ የሆኑት ፕሮፌሰር ረዳ ተክለሃይማኖትና ባልደረቦቻቸው ደምቢያንና ፎገራን ቤት ለቤት አጥንተው ውጤቱን በ1990 (እንደ ፈረንጆቹ) አሳትመዋል። ከ1,000 ሰው 6 ያህሉ በጓያ የተጎዳ ነበር። ቆይቶም በ1990ዎቹ ወሎ፣ ደላንታና ዳውንት ላይ በሽታው በወረርሽኝ መልክ ሲነሳ ዶክተር ኃይለየሱስ ጌታሁንና ጓደኞቹ ሰው ምን እንደበላ ብቻ ሳይሆን እንዴት አብስሎ እንደበላው ጠየቁ። እሸቱን በጥሬው የበላ ከሁሉ የበለጠ ተጎድቷል፤ ንፍሮውም አደጋውን ከፍ አድርጎታል። ከእህል ጋር የተቀላቀለው፣ በቅመም የተሠራው ወጥ ግን አደጋው ያነሰ ሆኖ ተገኘ። ላንሴት በሚባለው ትልቅ የሕክምና መጽሔት ላይ በ2003 የወጣ ጥናት ነው። መነሻው የእናቶቻችን ጓዳ ነው፤ ያስፈለገውም ዳገት ወጥቶ፣ ምድጃ ዳር ቁጭ ብሎ የሚጠይቅ ሰው ነበር።

በነገራችን ላይ በየገጠሩ «የጓያ እንፋሎት ነው የሚሰብረው»፣ «ገለባው ላይ ተኝቶ ነው» ሲባል ሰምታችሁ ይሆናል። አትሳቁ። መንገዱን ቢስቱትም ጥፋተኛውን እህል ለይተው ያወቁት ገበሬዎች ናቸው። የተማረው ዓለምም ቢሆን ትምህርቱን በመከራ ነው ያገኘው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ቫፕኒያርካ በሚባል ካምፕ የታሰሩ አይሁዶች ጓያ ሲቀለቡ በጥቂት ወራት ውስጥ ብዙዎቹ እግራቸው ተያዘ። ምክንያቱን የለየው እዚያው አብሮ የታሰረ ሐኪም፣ አርተር ኬስለር ነበር።

ወደ ተማሪዬ ጥያቄ ልመለስ። የጎንደር የጤና ኮሌጅ በ1947 ዓ.ም. ሲቋቋም አንዱ ምክንያት የደምቢያን ሜዳ የፈጀው የወባ ወረርሽኝ ነበር። ማለትም ዛሬ ዩኒቨርሲቲ የሆነው ቤት የተወለደው ከደምቢያ ለቅሶ ነው። ደጋው ላይ ደግሞ፣ ዳባት፣ እንደ ፈረንጆቹ ከ1996 ጀምሮ የቤተሰቦችን ልደትና ሞት እየተከታተለ የሚመዘግብ የምርምር ማዕከል አለን። ስለዚህ «ምንም የለንም» የሚለው ወሬ አይጥመኝም። እኔ የአንጎል ምርምር ተቋም የምለው መጀመሪያ ደምቢያና ፎገራ ላይ የጓያ ሕመምተኞችን አንድ በአንድ የሚመዘግብ፣ በየዓመቱ ተመልሶ የሚያይ፣ በድርቅ ዓመት ገና እሸቱ ሳይደርስ ማስጠንቀቂያ የሚያሰማ ቤት ነው። ገበያ የሚሸጠው ሽሮ ውስጥ ስንት እጅ ጓያ እንዳለ የሚለካ ላቦራቶሪ ይኑረው። ማሽኑም ይምጣ፣ ማሽን ጠላቴ አይደለም። ግን ማሽኑ ቀድሞ ከመጣ ተከፍቶ የሚታየው የከተማ ሰው ጭንቅላት ብቻ እንዳይሆን እሰጋለሁ።

ይከልከል የሚሉም አሉ። ህንድ በ1961 ሽያጩን ከልክላ ነበር፣ ገበሬው ግን መዝራቱን አልተወም። ዝናብ ለከዳው ሰው ጓያ አትዝራ ማለት ቀላል ነው፤ ታዲያ ምን ይብላ? መርዙ የቀነሰ «ዋሴ» የሚባል ዝርያ አገራችን ውስጥ ተለቋል፤ ጥሩ ነው። ነገር ግን ንብ ከጎረቤት ማሳ እያመጣች ታዳቅለዋለች፣ ድርቅ ሲመታውም የመርዙ መጠን ከፍ ይላል። ዘር ሰጥቶ ዞር ማለት አያዋጣም፣ በየጊዜው እየለካ የሚከታተል ያስፈልጋል። ምርምራችን ደግሞ ክፉ አመል አለበት፤ ፕሮጀክት ሲመጣ መጠይቅ ይበተናል፣ ጽሑፍ ይወጣል፣ ገንዘቡ ሲያልቅ መንደሩ ይረሳል። «እንደ ጓያ ነቃይ የፊት የፊቱን» ማለት ይሄው ነው።

ስጋቴ ባዶ አይደለም። በ2016 ዓ.ም. ጃናሞራና በየዳ ላይ ድርቁ ሲጠና የሰማነውን ታስታውሳላችሁ። ከዚያም ወዲህ መንገድ ሲዘጋ፣ ገበያ ሲታጠፍ፣ የእህል ዋጋ ሰማይ ሲነካ ድሃ ቤት የሚገባው ርካሹ እህል ነው። በጓያ የሚመጣው ጉዳት ደግሞ ዝናብ ሲመለስ አብሮ አይመለስም፣ ሰውየው ዕድሜ ልኩን ዱላውን ይዞ ይቀራል።

ቆላ ድባ፣ ጯሂት፣ ወረታ ያላችሁ ልጆቼ፣ ጤና ጣቢያችሁ እንዲህ ያለ ሰው ሲመጣ የት ነው የምትመዘግቡት? «ሌሎች» በሚለው ዓምድ ሥር ከሆነ ንገሩኝ። የሕመምተኛ ስም አትጻፉ፣ ዕድሜው፣ የተያዘበት ዓመት፣ በዚያ ዓመት ምን ይበላ እንደነበር፣ በስንት ዱላ እንደሚሄድ ይበቃል።

አንተ ደግሞ ከኋላ ወንበር እጅህን ያወጣኸው፣ ይህን ካነበብክ ጻፍልኝ። ያን ቀን ልጠይቅህ ይገባኝ ነበር፦ አጎትህ መቼ ተያዙ? አሁንስ እንዴት ናቸው?