ደብዳቤውን የሚያሽጉ እጆች ይፈለጋሉ

ክረምት ላይ ወደየቀያችን ስንመለስ የማይቀር ነገር አለ። ከእስቴም ሆንን ከጋይንት፣ ከፋርጣም ሆንን ከደራ፣ አንዲት እናት የመቀነታቸውን ጫፍ ፈትተው ስልካቸውን ያወጡና «ልጄ፣ እስቲ ይችን አንብብልኝ፤ ለሰው እንዳታወራብኝ አደራ» ይሉናል። ልጃቸው ከአረብ አገር የላከችው መልእክት ይሆናል፤ ወይም በቴሌብር የገባ ብር ይሆናል። የምስጢር ቁጥሩን ሳይቀር ይነግሩናል። እኛም አንብበንላቸው እንረሳዋለን። በፊት ደብዳቤ ያነቡላቸው የነበሩት ታላላቆቻችን ያደረጉትም ይህንኑ ነው።

ውድ አንባቢያን፣ ዛሬ ግን ከእኛ በፊት መልእክቱን ሊያነብ የሚችል ሌላ አንባቢ መጥቷል። በአማርኛ ለመጻፍ አንድ ኪቦርድ ስልካችን ላይ ስንጭን ስልኩ ራሱ ያስጠነቅቀናል። ይህ ኪቦርድ የምትጽፈውን ሁሉ፣ የይለፍ ቃልህን ጨምሮ፣ ሊሰበስብ ይችላል ይለናል። ከመካከላችን ይህን እስከ መጨረሻው ያነበበ ማን ነው? «እሺ» የምትለዋን ነክተን እናልፋለን። ኪቦርዱን የሠራው ሰው ቅን ሊሆን ይችላል። ግን ፕሮግራሙ የተጻፈበት ኮድ ዝግ ከሆነ ቅንነቱን በምን እናጣራለን? ኮዱ ክፍት ከሆነ የሚያውቅ ሁሉ ከፍቶ ያነበዋል፣ የተበላሸውን ያርማል፣ ለሌላውም ያካፍላል። ክፍት ኮድ የሚባለው ይኸው ነው። ዳንኤል ያዕቆብን የመሳሰሉ በውጭ ያሉ ወገኖቻችን ለፊደላችን በዚህ መንገድ ብዙ ደክመዋል፤ በ1999 እ.ኤ.አ. በወጣው የዩኒኮድ 3.0 እትም ፊደላችን ቦታውን አገኘ፤ ኪይማን በተባለው ፕሮግራም የሚሠሩ ኮዳቸው ለሁሉም የተከፈተ የአማርኛ ኪቦርዶችም አሉ።

«እኔ ምን የምደብቀው አለኝ? የሚደብቅ ሌባ ነው» የሚል ጓደኛ በየመኝታ ክፍላችን አይጠፋም። እስቲ እንጠይቀው። ወንዛዬ ፍል ውሃ ወርዶ ልብሱን ሲያወልቅ ሌላው ፊቱን ያዞርለታል። ለንስሐ አባቱ የነገረውንም በሰንበቴ መካከል እንዲነገርበት አይፈልግም። ታዲያ ወንጀል ስለሠራ ነው? ሕገ መንግሥቱም በአንቀጽ 26 የሰው ደብዳቤና የስልክ ንግግር እንዳይደፈር ይላል፤ የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016ም ወጥቷል። ሕጉ ባይኖር ይብስ ነበር። ነገር ግን «መግባት ክልክል ነው» የሚል ጽሑፍ በር ላይ መለጠፍ አንድ ነገር ነው፤ ቁልፉን የሚሠራው ግን ሌላ ሰው ነው።

ፍርሃቱ ከሜዳ የመጣ አይደለም። በካናዳ የቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ ሲቲዝን ላብ የተባለው የምርምር ክፍል በየካቲት 2006 ዓ.ም. ባወጣው ዘገባ፣ አንድ የውጭ ኩባንያ የሠራው የስለላ ፕሮግራም በውጭ አገር ወደሚኖሩ የኢሳት ጋዜጠኞች ተልኮ እንደነበር አሳይቷል። በዚያው ዓመት ሚያዝያ ላይ በታሰሩት የዞን ዘጠኝ ጸሐፊዎች ላይ በቀረበው ክስ ደግሞ መልእክትን የመጠበቅ ሥልጠና መውሰዳቸው እንደ ጥፋት ተጠቅሶ ነበር። ጸሐፊዎቹ በ2007 መጨረሻና በ2008 መጀመሪያ ተፈትተዋል። ቁልፍ መያዝ ራሱ ክስ ሊሆን እንደሚችል ግን አይተናል።

እንግዲህ ቁልፍ ሠሪዎቹ እነማን ናቸው? ቶር የተባለውን እንውሰድ። ነገሩ የሚገባን በራሳችን መንገድ ብናስበው ነው። ከደብረ ታቦር ወደ ባሕር ዳር ደብዳቤ ልንልክ ነው እንበል። ደብዳቤውን በሦስት ፖስታ ደራርበን እናሽገዋለን። ዓለም በር ያለው ተቀባይ የላይኛውን ፖስታ ቀድዶ «ለወረታው ስጥ» የሚል ብቻ ያገኛል። የወረታው ሁለተኛውን ቀድዶ «ለሐሙሲቱ ስጥ» የሚል ያገኛል። የሐሙሲቱ ሦስተኛውን ቀድዶ ባሕር ዳር ለማን እንደሚደርስ ያውቃል። የመጀመሪያው ላኪውን ያውቃል፣ ተቀባዩን አያውቅም። የመጨረሻው ተቀባዩን ያውቃል፣ ላኪውን አያውቅም። የመካከለኛው ሁለቱንም አያውቅም። ቶር በኮምፒዩተር የሚያደርገው ይህንኑ ነው፤ መቀባበያዎቹንም በየአገሩ ያሉ ፈቃደኞች ናቸው የሚያቆሟቸው። በግንቦት 2004 ዓ.ም. ይህ መንገድ በአገራችን በተዘጋ ጊዜ የቶር ሰዎች የዘጋው መሣሪያ ምን እንደሚፈትሽ መርምረው የመልእክቱን መልክ የሚለውጥ መተላለፊያ ለተጠቃሚዎች አቀረቡ። መንገድ የሚዘጋ ሰው ባለበት ሁሉ መንገድ የሚጠርግ ሰው ያስፈልጋልና።

እዚህ ላይ ነው ነገሩ የሚከብደው። ዓለም በነፃ ከሚጠቀምባቸው ከእነዚህ ሥራዎች ብዙዎቹ በቂ ሠራተኛ የላቸውም። እጅግ ብዙ ድረ ገጾች ምስጢራቸውን የሚጠብቁበት ኦፕንኤስኤስኤል በ2014 እ.ኤ.አ. ሃርትብሊድ የተባለ ቀዳዳ ሲገኝበት፣ ሙሉ ጊዜውን ሰጥቶ የሚሠራበት አንድ ሰው ብቻ እንደነበር፣ በዓመት የሚደርሰው መዋጮም ሁለት ሺህ ዶላር ገደማ እንደነበር ታወቀ። ስንት ባንክ የተደገፈበት ምሰሶ!

ሰው ይመልመል ሲባልም ዝም ብሎ አይደለም። ኤክስዜድ የተባለ ክፍት ፕሮግራም በአንድ የደከመ ሰው ትከሻ ላይ ብቻ ነበር። «ጂያ ታን» በሚል ስም የቀረበ ረዳት ከሁለት ዓመት በላይ በትሕትና ሲያግዘው ቆየ፤ ሌሎችም ያልታወቁ ሰዎች «ሥራውን ልቀቅለት እንጂ» እያሉ ይጎተጉቱት ነበር። በመጨረሻ ረዳቱ ኃላፊነቱን ሲያገኝ የጓሮ በር ከተተበት። በመጋቢት 2016 ዓ.ም. አንድሬስ ፍሮይንድ የተባለ ባለሙያ ኮምፒዩተሩ ወትሮ ከሚፈጅበት ጊዜ በግማሽ ሰከንድ ያህል ሲዘገይበት «ምን ነካው?» ብሎ ሲቆፍር አገኘው። ግማሽ ሰከንድ! ያ ሰው ቸልተኛ ቢሆን ኖሮስ? ኮዱ ዝግ ቢሆን ኖሮ ደግሞ መቆፈሪያውም ባልኖረ። ከዚህ የተረዳነው አንድ ሰው ብቻውን የሚጠብቀው በር በደግ ቃል ሊወሰድ እንደሚችል ነው። አንባቢው መብዛት አለበት።

በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የአምስት ሚሊዮን ኮደሮች ሥልጠና ሲጀመር ብዙዎቻችን ደስ ብሎን ተመዝግበናል። ጥሩ ነው። በበኩላችን ግን አንድ ነገር እንጠይቃለን። የምስክር ወረቀቱን በስልካችን ካስቀመጥን በኋላ ምን ሠራን? ተምሮ መተግበሪያ መሸጥ አይነወርም። ከብዙዎቹ መካከል ጥቂቶች እንኳ ወደዚህ የቁልፍ ሥራ ካልገቡ ግን የአማርኛ ተናጋሪውን ምስጢር ሁልጊዜ የሚጠብቅለት አማርኛ የማያውቅ ሰው ይሆናል።

ከከተማችን አጠገብ ጋፋት አለ፤ ሁላችንም ሄደን አይተነዋል። ዐፄ ቴዎድሮስ ባለሙያዎቹን እዚያ ሰብስበው በ1859 ዓ.ም. ሴባስቶፖልን አሠሩ። ሰባ ኩንታል ገደማ የሚመዝነው መድፍ በሰው ጉልበት እየተጎተተ መቅደላ ወጣ። ሚያዝያ 1860 ንጉሡ ሲሞቱ ፈረንጆቹ ባለሙያዎች ከእንግሊዝ ጦር ጋር ከአገር ወጡ፤ የጋፋት እሳትም ጠፋ። መድፉ ዛሬም መቅደላ ላይ አለ፤ መድፍ መሥራቱ ግን አልተከተለንም። በእኛ አስተያየት ጋፋት ያጣው የንጉሡን ፍላጎት ሳይሆን ተተኪ ተማሪ ነው። ይህን ስንል ታሪክ መምህሮቻችን ሊቃወሙን ይችላሉ፤ በዚሁ ጋዜጣ ላይ ይመልሱልን።

ስለዚህ ምልመላው ከእኛ ይጀምር እንላለን። ነገ በየቀበሌው ትምህርት ቤት የምንቆመው እኛ ነን። «መምህር፣ ይህ ፕሮግራም ውስጡ ምን አለ?» የሚል ልጅ ሲነሳ «ዝም በል፣ አትነካካ» ካልነው አንድ ምልምል ጠፋ። እኛ ራሳችን ኮድ አንችልም የሚለውን ሰበብ አንቀበለውም። እንግሊዝኛ የሚቀናቸው መመሪያውን ወደ አማርኛ ይመልሱ፤ የቶር ትርጉም የሚሠራው በፈቃደኞች ነው። ሒሳብ የሚቀናቸው ኮድ ማንበብ ይጀምሩ። የሰው ስሕተት ማግኘት የሚወዱም አሉ፤ እነማን እንደሆኑ እናውቃለን፤ ለእነሱም ሥራ ሞልቷል። ጉግል ሰመር ኦፍ ኮድ የተባለው ዕድል ከ2022 እ.ኤ.አ. ወዲህ 18 ዓመት ለሞላው ጀማሪ ሁሉ የተከፈተ ነው፤ ክፍት ኮድ እየሠሩ አበል ያገኙበታል።

ኔትወርክ የለም የሚለን ይኖራል። እውነት ነው፣ ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. ጀምሮ በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ጠፍቶ ምን እንደሆንን አንረሳም። ክፍት ኮድ ግን አንዴ ከወረደ በፍላሽ ከእጅ ወደ እጅ ይዞራል፤ ፈቃድ የሚጠይቀው ማንንም አይደለም። ባሕር ዳር ደርሶ የሚመጣ ጓደኛ ይዞልን ይምጣ።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ በስምንት ሰዓት አንድ ላይ ማንበብ እንጀምራለን። ሴት እጩ መምህራን «የወንዶች ነገር ነው» ብላችሁ እንዳትቀሩ። መምህራኖቻችንም ብትገኙልን ደስ ይለናል። የስም መጻፊያ ወረቀት ከዚህ ጽሑፍ ግርጌ ተለጥፏል፤ እርሳሱም በክር ታስሯል፣ እባካችሁ አትውሰዱት። ስሙ ግድግዳ ላይ እንዲታይ የማይፈልግ ደግሞ በቁራጭ ወረቀት ጽፎና አጥፎ ለጋዜጣው አዘጋጆች ይስጥ፤ አጣጥፈን እናስቀምጥለታለን።